«የስፖርት ቫልቭ ላስገባላት ወይስ ይቅርብኝ?»

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ነው። ጠያቂው የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ስሙን አንጠራም። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ እህቱ አራት ዓመት አጠራቅማ በላከችለት ገንዘብ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ገዛ። መኪናዋ እንጀራው ናት። ሰርግ ሲኖር ሙሽራ ታጅባለች፣ በሽተኛ ሲኖር ወደ ደሴ በኮንትራት ትሄዳለች፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዓሣ አማረኝ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርደውን ሰው ታመላልሳለች። እናቱም የሚተዳደሩት በዚህችው መኪና ነው።

አሁን መኪናዋ ደከመች። ወደ ደሴ ስትወጣ ታቃስታለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ጠዋት ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች። መካኒኩ አይቶ «ሞተር ይውረድ» አለ። ይህን የሰማ አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛው ደግሞ ምክሩን ለገሰ፦ «ሞተሩ ከተከፈተ ላይቀር ስፖርት ቫልቭ አስገባባት! ዱባይ ሞልቷል። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው!» በቃ፣ የልጁ ልብ ተነሣ። እህቱ ለሞተር ማሳደሻ ብላ ሁለተኛ ገንዘብ ልካለች። ገንዘቡ ግን ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ? ነው የሚለው።

ፓ! ይህ ገጽ የለመደው «ጥላኝ ሄደች» የሚል ደብዳቤ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገርና በሚወዷት መኪና መከዳትስ ከዚያ በምን ያንሳል?

መልሱን ቀድሜ ልናገር። የሩጫ ቫልቭ ይቅርብህ። ገንዘቡን ግን ቫልቩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አውለው። ለምን? እንጫወተዋ።

«ሞተር ይውረድ» ከመባሉ በፊት አንድ ነገር ይጣራ፤ የደከመው ቫልቩ ነው ወይስ ፋሻው? ብዙው ወጣት ይህን ሳይጠይቅ ነው ዕቃ ሊገዛ የሚሮጠው። ፋሻ ማለት በፒስተኑ ወገብ ላይ የሚገባው የብረት ቀለበት ነው። እሱ ካለቀ የዓለምን ቫልቭ ብትደረድሩ ጉልበት አይመለስም። መለየቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ካንዴላዎቹ ይነቀሉና የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካል፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዚያ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ጋ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖለታል። ንቅንቅ ካላለ ግን ቫልቩ አልገጥምም ብሏል፣ ወይ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ማለት ነው።

ጭሱም ይናገራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ መኪናዋን የሚይዛት ሞተሩ ነው። በዚያን ጊዜ ሞተሩ አየር ተነፍጎ በኃይል ይስባል። የቫልቩ ግንድ የሚንሸራተትበት ጋይድ ሰፍቶ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ዘይት ከልካይ ጎማም ደርቃ ከሆነ፣ ዘይቱን በዚያው ሽው ያደርገዋል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ! ይህ የቫልቭ ጋይድ ጭስ ነው። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻው ተጠርጠሩ። የሐይቁ ልጅ እንዳለው የሱ መኪና የሚብስባት ጠዋት ስትነሣና ከቁልቁለት በኋላ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው ያደላል። ልኬቱ ግን የግድ ነው፤ በወሬ ሞተር የሚያክም የለም።

አሁን ስለ ቫልቩ ራሱ። ዲኤክስ ላይ ያለው 4ኬ የሚባለው ሞተር 1,290 ሲሲ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ስምንት ቫልቭ። አራቱ ያስገባሉ፣ አራቱ ያስወጣሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1,500 ጊዜ ይከፈታል፤ በሴኮንድ 25 ጊዜ መሆኑ ነው። «ሐይቅ» ብላችሁ አፋችሁን እስክትዘጉ ድረስ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ አስቡት! አስገቢው ዕድለኛ ነው፤ አዲስ አየርና ቤንዚን እያቀዘቀዘው ይኖራል። አስወጪው ላይ የሚያልፈው ግን እሳት ነው። ፊቱ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል።

ታዲያ እንዴት ሳይቀልጥ ይኖራል? ምሥጢሩ መቀመጡ ላይ ነው። ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር ጠርዙ ቴስታታው ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር፣ ማለት ከመቀመጫው ጋር፣ ይገጥማል። አብዛኛውን ሙቀት የሚያስረክበው በዚያ በኩል ነው። የቀረውን በግንዱ አድርጎ ለጋይዱ ይሰጣል። መቀመጫው ከተጣመመ ወይም ጥቀርሻ መሀል ከገባ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ እሳቱ በዚያች ቀጭን ክፍተት እየሾለከ ጠርዙን እንደ አይጥ ይቦረቡረዋል። «ቫልቭ ተቃጠለ» የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ውድ ቫልቭ አምጥቶ በተጣመመ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ማለት ነጭ ልብስ ለብሶ ጭቃ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ልብሱ ጥፋት የለበትም፣ ቦታው ነው እንጂ።

ወደ ሱቁ እንግባ። «ስቴንለስ ስፖርት ቫልቭ» የሚለው ስም ልብ ይሰርቃል። እውነቱ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው አስወጪ ቫልቭም ተራ ብረት አለመሆኑ ነው። ለዚህ ሥራ በጣም የታወቀ 21-4ኤን የሚባል ብረት አለ፤ 21 ከመቶ ገደማ ክሮም፣ 4 ከመቶ ገደማ ኒኬል ማለት ነው፣ ኤኗ ደግሞ የናይትሮጂን ናት። ስፖርት ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ዘመድ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ለአስወጪው እንዲያውም ጥሩ ነው። ተአምር ግን አይሠራም።

ከዚያ ከፍ ሲል ግንዱ ባዶ ሆኖ ሶዲየም የሚሞላበት አለ። ሶዲየም 98 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ቫልቩ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ውስጡ እየተናጠ ከፊቱ ሙቀት ዝቆ ወደ ግንዱ ያመጣል። እርጎ የሚናጥበት ቅል በሉት። እ.ኤ.አ. በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ ብቻውን ከኒውዮርክ ፓሪስ ሳያርፍ ሲበር 33 ሰዓት ተኩል የሠራችው ሞተር አስወጪ ቫልቮቿ እንዲህ ዓይነት ነበሩ። ድንቅ ነገር ነው፣ ግን ሲያረጅ ቆርጬ ልየው የሚል ቶርኖ ቤት ካጋጠማችሁ ከለክሉት፤ ሶዲየም ውኃ ሲነካው ይነዳል።

ቲታኒየምም አለ። ከብረት በ40 ከመቶ ገደማ ይቀላል። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው አልቴዛ ላይ ተጠቅሞበታል። የመቅለሉ ጥቅም የሚታየው ግን ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ነው፤ ከባድ ቫልቭ በዚያ ፍጥነት ሞላው ሊመልሰው አይደርስም፣ ይንሳፈፋል። ዲኤክሷ ደሴ የምትወጣው በደቂቃ 3 ሺህና 4 ሺህ ዙር አካባቢ እየዞረች ነው። እና ምኑ ነው የሚንሳፈፈው? ቲታኒየም ደግሞ ለመቀመጫውም፣ ለጋይዱም፣ ለግንዱ ጫፍም የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል። ለኮንትራት ሥራ የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ጓደኛየው በዋናነት የሚሰብከው ግን ሌላ ነው፤ ሰፋ ያለ ቫልቭ። «ሰፊ በር፣ ብዙ አየር፣ ብዙ ጉልበት» ነው ነገሩ። ይህች ሒሳብ ወሎ ላይ ስትደርስ ትሰናከላለች። የአየሩን ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ብንለው ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍ ያለችው ሐይቅ ላይ ወደ 79 ይወርዳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ስትደርሱ 75 አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናዋ ያቃሰተችው ስለታመመች ብቻ አይደለም፣ አየሩም ሳስቶባታል። ቫልቩ ስለሰፋ አየሩ አይወፍርም! እንዲያውም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሰፊው በር የአየሩን ፍጥነት ይቀንሰዋል፣ ቤንዚኑ በደንብ አይቀላቀልም፣ ዳገት መሀል ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጉልበት ስትለምኑት ዝም ይላችኋል። ሰፊ ቫልቭ የሚጠቅመው ካርቡራተሩም፣ ካምሻፍቱም፣ የጭስ ማውጫውም አብረው ከተቀየሩና ሞተሩ ሁልጊዜ በከፍተኛ ዙር የሚነዳ ከሆነ ነው። ሳይለካ ከገባ ደግሞ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ የሚታደሰው ቴስታታ አይሆንም፣ ሞተሩ በሙሉ ነው።

በነገራችን ላይ ካርቡራተሩ ለባሕር ጠለል እንደተስተካከለ ከቀረ በደጋ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። የሚያውቅ ሰው ነዳጁንና እሳቱን ለዚያ ከፍታ ሲያስተካክለው የሚመለሰው ጉልበት ብዙ ሰው ያስደንቃል። ለዚህ ዱባይ መላክ አያስፈልግም።

እንግዲህ እናንት መኪና ዝቅ አድርጋችሁ፣ ማርሚታ ለውጣችሁ አዲስ አበባን የምታናውጡ ልጆች አትቀየሙን። ቱርቦ የተገጠመለት፣ ለውድድር ብቻ የሚነዳ፣ በሳምንቱ የሚፈታ ሞተር ያለው ሰው ጠንካራ ቫልቭ፣ ጠንካራ ሞላ፣ ሁሉም ይገባዋል። መንገዱ ግን የውድድር ሜዳ ይሁን። የሐይቁ ልጅ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ መሥራት አለበት።

ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሂዱ፣ ደሴም ፈልጉ፣ መለዋወጫ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ከሐይቅ አለፍ ብላ አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ በታሪክ የምትታወቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። አንቀጽ 17 አማርኛው ሌላ፣ ጣሊያንኛው ሌላ! መዘዙም አድዋ ድረስ ሄደ። የጋራዥ ቋንቋችን ዛሬም ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ መሆኑ ይገርማል፤ ከዚህ የባሰው ግን የመለዋወጫው ሳጥን ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ አሮጌውን ቫልቭ ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱ፣ የግንዱ ውፍረት፣ የፊቱ ስፋት ጎን ለጎን በካሊፐር ይለካ። ማግኔት በኪስ መያዝም አይከፋም። አስገቢው በአብዛኛው ማግኔት ይይዛል። የ21-4ኤን ዓይነቱ አስወጪ ግን ፊቱ ላይ ማግኔት አይዝም፣ ቢይዝም ጥቂት ነው። ግንዱ ብዙ ጊዜ ሌላ ብረት ተበይዶበት ስለሚሠራ ግንዱ ቢይዝ አትደንግጡ። «ስቴንለስ አስወጪ ነው» ተብላችሁ ፊቱ ላይ ማግኔቱ እንደ መዥገር ጥብቅ ካለ ግን ጠይቁ። ማግኔት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሻጩን ማስለፍለፉ ግን አይቀርም።

አሁን ዋናው ሥራ። ቴስታታው ይወርዳል፣ ይታጠባል። የዲኤክስ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ከበዛበት ይጣመማል፤ ቀጥ ያለ ብረት ላዩ ላይ ተጋድሞ ክፍተቱ ይታያል። ከተጣመመ ይላጋል። ከዚያ ጋይዶቹ። አዲስ ቫልቭ ገብቶ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ የሚንገዳገድ ከሆነ ጋይዱ አልቋል፣ ይቀየራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ! መጀመሪያ ጋይድ፣ ከዚያ መቀመጫ። የመቀመጫው መሞረጃ የሚመራው በጋይዱ ቀዳዳ ስለሆነ በሰፋ ጋይድ የተሞረደ መቀመጫ መሀሉን ይስታል። መቀመጫው በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፣ ከላይና ከታች በሌላ ማዕዘን ይስተካከላል፤ ቫልቩ የሚያርፍባት ቀለበት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። በጣም ከጠበበች ሙቀት አታሳልፍም፣ በጣም ከሰፋች ጥቀርሻ ታቆራለች። በመጨረሻ ቫልቩ በመፈጫ ቅባት ከመቀመጫው ጋር ይፋጫል፣ ዙሪያውን ሳይቋረጥ አንድ ዓይነት ግራጫ መስመር እስኪወጣ። የዘይት ከልካይ ጎማዎቹ ሁሉም አዲስ ይሁኑ፤ ከሞተሩ ዕቃ ሁሉ ርካሾቹ እነሱ ናቸው። ሞላዎቹም ተደርድረው ቁመታቸው ይተያይ። ያጠረ ካለ ደክሟል።

ሲያልቅ ልጁ ራሱ ቆሞ ይፈትን። ቴስታታው ይገለበጥ፣ ካንዴላ ይግባበት፣ ቫልቮቹ ተዘግተው ጎድጓዳው ውስጥ ነጭ ጋዝ ይፍሰስ። አንድ ሩብ ሰዓት ይጠበቅ። በማስገቢያው ወይም በማስወጫው ቀዳዳ ጠብ ካለ ሥራው አላለቀም፣ ገንዘብም አይከፈል። እንዲህ ብሎ መቆም ነውር አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ ራሱ ነው የሚያሳየው።

የቆየ ፔጆ ወይም ፊያት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አለባችሁ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ቀርቷል። እርሳሱ ለጤና ጠንቅ ነበር፣ በጎኑ ግን ለስላሳ መቀመጫዎችን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። መቀመጫው በጥቁር ብረቱ ላይ እንዲሁ የተቆረጠበት አሮጌ ሞተር ሲታደስ ጠንካራ ቀለበት ይግባበት። ዲኤክስ ቀለበቱ ከፋብሪካውም ያለው ስለሆነ ልጁን ይህ አያሳስበው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ብዙ መኪና የሚበላሽበት ነው፤ የቫልቭ ሬጅስትሮ። በቫልቩ ግንድ ጫፍና በሚጫነው ብረት መሀል በጣም ቀጭን ክፍተት ይተዋል፤ ብረት ሲግል ስለሚረዝም። አስወጪው ይበልጥ ስለሚግል የሱ ክፍተት ሰፋ ይላል። ቁጥሩ ከሞተሩ መመሪያ ይወሰዳል እንጂ በግምት አይደለም። ብዙ ባለመኪና ግን «ቫልቩ ይንጫጫል፣ ዝም አሰኝልኝ» ይላል፤ መካኒኩም ጥብቅ አድርጎ ዝም ያሰኝለታል። ደስ ብሎት ይሄዳል። እንዴ! ያ ዝምታ'ኮ ነው አደገኛው። የጠበበ ቫልቭ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ አይቀዘቅዝም፣ ካልቀዘቀዘ ይቃጠላል። ለስለስ ያለች ቲክ ቲክ የጤና ናት። አምባሰል የአንድ ቅኝት ስም በሆነበት አገር ያደገ ልጅ ለዚህ ጆሮ ያንሰዋል ብዬ አላምንም።

የጓደኛህን ነገር በተመለከተ አትጣላው፣ ምክሩን ግን ለራሱ መኪና ያድርገው። ለእህትህ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ወጪውን በዝርዝር ንገራት፤ ይህ ለጋይድ፣ ይህ ለመቀመጫ፣ ይህ ለጓርኒሲዮን ብለህ። ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ ይገባታል። «ስፖርት ቫልቭ» ብትላት ምን ልትረዳ ነው? ከተረፈህ ደግሞ ፍሬኑን አሳይ። ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ መውጣቱ ያስጨበጭብ ይሆናል፣ ተሳፋሪው ግን የሚፈራው መውረዱን ነው።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትር አታንገብግባት፤ ዳገት ላይም ጭነት ቀንስላት። ከዚያ ዘይቱ ይቀየር፣ የቴስታታው ብሎኖች እንደ መመሪያው ይታዩ፣ የቫልቩ ክፍተትም ደግሞ ይለካ፤ አዲስ የተሞረደ መቀመጫ ትንሽ ስለሚሰምጥ ክፍተቱ ይጠባል። ይህን ሁለተኛ ቀጠሮ ጋራዡ አያስታውስህም። ቀኑን የፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው።